“ጎበዝ” እና “ሰነፍ”፦ የማሰብ ችሎታ ፈተና የሚለካው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ስለ ተማሪ ሲወራ ሁለት ቃላት ይደጋገማሉ፤ “ጎበዝ” እና “ሰነፍ”። ፊደል ቶሎ የለየ፣ ሂሳብ የቀናው፣ ከክፍሉ ደረጃ ያገኘ ልጅ ጎበዝ ነው። ወደ ኋላ የቀረው ደግሞ ሰነፍ ይባላል። ቃላቱ ከአፍ ስለማይጠፉ የተሸከሙት ነገር እምብዛም አይስተዋልም። ጎበዝ ማለት ብርቱ፣ ታታሪ፣ ደፋር ማለት ነው፤ ነገር ግን አእምሮው ብሩህ የሆነ ማለትም ነው። ሰነፍ ሥራ የማይወድ ሰው ነው፤ በመጽሐፈ ምሳሌ የአማርኛ ትርጉም ግን የብልህ ተቃራኒ ሆኖ የሚቆመው ይኸው ቃል ነው። ቋንቋው “አይችልም” እና “አይተጋም” የሚሉትን ሁለት የተለያዩ ፍርዶች በአንድ ቃል አስሮ ይዟቸዋል።

የሥነ ልቦና ሳይንስ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመለያየት ከመቶ ዓመት በላይ ደክሟል። ችሎታን በአንድ ወገን፣ ተነሣሽነትን በሌላ ወገን አስቀምጦ እያንዳንዱን ለብቻው ለመለካት ሞክሯል። ጥረቱ ጠቃሚ ዕውቀት አስገኝቷል፤ በመንገዱ ላይ ግን ብዙ ሰዎችን ጎድቷል። የጉዳቱም መነሻ በአብዛኛው ልኬቱ ራሱ አልነበረም፤ ከልኬቱ የወጣውን ቁጥር የሰውየው ተፈጥሮ አድርጎ ማንበብ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በፓሪስ ነው። ፈረንሳይ በ1880ዎቹ ትምህርትን ግዴታ ካደረገች በኋላ ቀድሞ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ልጆች ክፍሎቹን ሞሉ። ከእነሱም መካከል ከእኩዮቻቸው ጋር መራመድ የተሳናቸው ነበሩ። በ1904 መንግሥት ልዩ ድጋፍ የሚሹትን ልጆች መለያ መንገድ የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ፤ ከአባላቱም አንዱ አልፍሬድ ቢኔ ነበር። እስከዚያ ድረስ ወሳኙ የመምህር ወይም የሐኪም ግምት ሲሆን፣ አንዱ ሐኪም ከባድ ችግር ያለበት ነው ያለውን ልጅ ሌላው ቀላል ነው ይለው ነበር። አስቸጋሪ ጠባይ ያለው ልጅ በመምህሩ ምሬት ብቻ “አእምሮ ደካማ” ተብሎ ከክፍል ሊወጣ ይችል ነበር።

ቢኔ ለዚህ ሥራ ባዶ እጁን አልመጣም። ከዚያ በፊት በዘመኑ እንደተለመደው የተማሪዎችን የራስ ቅል መጠን ለክቶ ነበር። ጎበዝ በተባሉትና ደካማ በተባሉት ልጆች መካከል ያገኘው ልዩነት ግን ከጥቂት ሚሊሜትር አላለፈም። ከዚያ በላይ ያሳሰበው፣ ለኪው እሱ ራሱ እንደመሆኑ ሳያውቀው ልኬቱን ወደሚጠብቀው ውጤት ሊጎትተው እንደሚችል መረዳቱ ነበር። አንድ ተመራማሪ የራሱን እጅ እንዲህ መጠርጠሩ በዚያ ዘመን ብርቅ ነው፤ ዛሬም ብዙ አይገኝም። ቢኔ የራስ ቅል መለኪያውን ትቶ ሁለት ሴት ልጆቹን በቤቱ ሲጫወቱና ሲያስቡ ወደ መመልከት ዞረ።

በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ ያወጣው መለኪያ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ተግባራት ነበሩት። የመጀመሪያዎቹ የበራ ክብሪትን በዓይን መከተል፣ ቸኮላትን ከእንጨት ቁራጭ መለየት የመሳሰሉ ነበሩ። ከዚያ የተነገሩ ቁጥሮችን መልሶ መናገር፣ ሦስት የተሰጡ ቃላትን ይዞ ዓረፍተ ነገር መሥራት፣ የቃላትን ትርጉም ማስረዳት ይመጣል። በ1908 መለኪያው ተሻሽሎ በየዕድሜው ተከፈለ፤ አብዛኞቹ የስምንት ዓመት ልጆች የሚመልሱትን የመለሰ ልጅ የአእምሮ ዕድሜው ስምንት ነው ተባለ።

እዚህ ላይ ቢኔ ያስቀመጠው ወሰን ከመለኪያው ራሱ የማይተናነስ ዋጋ አለው። ውጤቱ ልጁ ዛሬ የት እንደቆመ ያሳያል እንጂ ለምን እዚያ እንደቆመ፣ ነገ የት እንደሚደርስም አይናገርም ባይ ነበር። በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ የማሰብ ችሎታ የማይጨመርበት የተወሰነ መጠን ነው የሚሉትን አጥብቆ ተቃወመ፤ ለደካማ ተማሪዎችም ትኩረትን፣ ትዝታንና ፈቃድን የሚያጠነክሩ ልምምዶች ይሰጡ ዘንድ ሐሳብ አቀረበ። በ1911፣ በ54 ዓመቱ ዐረፈ። መለኪያው ግን ያለ ባለቤቱ ባሕር ተሻገረ።

በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ስተርን የአእምሮ ዕድሜን ለትክክለኛው ዕድሜ የማካፈል ሐሳብ አመጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ቢቀርና የአሥር ዓመት ልጅም በአንድ ዓመት ቢቀር ክፍተቱ እኩል አይደለም። አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን በ1916 ድርሻውን በመቶ አባዛው፤ በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ልጅ 80፣ ሁለተኛው 90 ያገኛል። አይኪው የሚባለው ቁጥር እንዲህ ተወለደ። ይህ ስሌት ለአዋቂ የማይሠራ በመሆኑ (የ60 ዓመት ሰው የአእምሮ ዕድሜ ምን ማለት ነው?) ዴቪድ ዌክስለር በ1939 በሌላ ዘዴ ተካው። ዛሬ የሚሠራበት አቆጣጠር ሰውን ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ያነጻጽራል፤ አማካዩ 100 ሲሆን ከሦስት ሰዎች ሁለቱ ገደማ በ85 እና በ115 መካከል ይገኛሉ። ስለዚህ አይኪው እንደ ቁመት ወይም እንደ ክብደት የራሱ መስፈሪያ ያለው ነገር አይደለም፤ በሰልፍ ውስጥ የቆሙበት ቦታ ነው።

በአሜሪካ መለኪያውን ቀድሞ ያስተዋወቀው ሄንሪ ጎዳርድ ነበር። የቢኔን ጥያቄዎች ተረጎመ፤ ጥንቃቄውን ግን ወደ ጎን ተወው። ለእሱ የማሰብ ችሎታ ከወላጅ የሚወረስ፣ የማይለወጥ ነገር ነበር። በ1913 ረዳቶቹ በኒው ዮርክ ወደብ በኤሊስ ደሴት ከመርከብ የወረዱ ስደተኞችን ፈተኑ። ሳምንታት በባሕር የተንገላቱ፣ ብዙዎቹ እርሳስ ይዘው የማያውቁ፣ በአስተርጓሚ የሚጠየቁ ሰዎች ናቸው። በ1917 በወጣው ዘገባው ከተፈተኑት አይሁድ፣ ሃንጋሪያውያን፣ ጣሊያናውያንና ሩሲያውያን ከአምስቱ አራት ያህሉ አእምሮ ደካሞች ናቸው ተባለ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ በሮበርት ይርክስ የሚመራ ቡድን ከ1 ሚሊዮን 700 ሺሕ የሚበልጡ ምልምሎችን በጅምላ መፈተን ጀመረ። ከጥያቄዎቹ አንዱ “ክሪስኮ” የተባለው የንግድ ስም የምግብ ነው፣ የመድኃኒት፣ የጥርስ ሳሙና ወይስ የተሕዋስያን ማጥፊያ የሚል ነበር። ሌላው የአንድ የቤዝቦል ተጫዋች ስም ጠርቶ ሥራው ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ከሲሲሊ መንደር የመጣ ወጣት ይህን አለማወቁ ስለ አእምሮው ምን ይነግራል? ስለ አሜሪካ ቆይታው እንጂ ስለ ሌላ ነገር ብዙ አይነግርም። ውጤቱም ይህንኑ ያሳይ ነበር፤ በአገሪቱ ረጅም ዓመት የኖሩ ስደተኞች ነጥባቸው ከአዲስ መጤዎች ይበልጥ ነበር።

ካርል ብሪገም በ1923 ይህንኑ መረጃ ይዞ ከሰሜን አውሮፓ የመጡት ከሌሎች ይበልጣሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ። የ1924ቱ የስደተኞች ገደብ ሕግ ሲወጣ ፈተናዎቹ ምን ያህል ክብደት እንደነበራቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ የዘመኑን አድልዎ የሳይንስ ልብስ ማልበሳቸው ግን አከራካሪ አይደለም። በ1927 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቨርጂኒያ ግዛት ካሪ በክ የተባለች ወጣት “አእምሮ ደካማ” በመባሏ ያለ ፈቃዷ መካን እንድትደረግ ፈቀደ። በክፍለ ዘመኑ ሂደት ከ60 ሺሕ በላይ አሜሪካውያን ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳቸው። ብሪገም በ1930 መደምደሚያው መሠረት የሌለው እንደነበር በይፋ አምኖ ጻፈ፤ ሕጉ ግን በቦታው ነበር።

ተርማን ደግሞ ወደ ላይኛው ጫፍ ተመለከተ። ከ1921 ጀምሮ እጅግ ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ከ1 ሺሕ 500 የሚበልጡ የካሊፎርኒያ ልጆችን መርጦ ሕይወታቸውን ተከታተለ። አብዛኞቹ ጥሩ ተምረው ጥሩ ኑሮ ኖረዋል፤ ብዙዎቹ ከደህና ቤተሰብ የተወለዱ መሆናቸውም መታወስ አለበት። ከመካከላቸው የኖቤል ሽልማት ያገኘ የለም። ተፈትነው ነጥባቸው ስላልበቃ ከተተዉት ልጆች መካከል ግን ሁለቱ፣ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ፣ በፊዚክስ ኖቤል አገኙ።

ይህ ሁሉ ሲባል ፈተናው ምንም አይለካም ማለት አይደለም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ መረጃው ግን አይደግፋቸውም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን በ1904 እንዳመለከተው በአንድ የአእምሮ ሥራ የሚሻል ሰው በሌሎችም የመሻል ዝንባሌ አለው፤ ለዚህ የጋራ መሠረት “አጠቃላይ ችሎታ” የሚል ስም ሰጠው። ከመቶ ዓመት በኋላም ይህ ግኝት ደጋግሞ ተረጋግጧል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ1996 ያወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት የአይኪው ነጥብ በተማሪዎች መካከል ከሚታየው የትምህርት ውጤት ልዩነት ሩብ ያህሉን እንደሚያስረዳ ገልጿል። ሩብ ትንሽ አይደለም። ሦስት አራተኛው ግን ከዚያ ውጭ ነው።

ያ የጋራ መሠረት በእርግጥ በአእምሮ ውስጥ ያለ አንድ ኃይል ነው ወይስ የስሌት ጥላ የሚለው አልተቋጨም። ልዊስ ተርስቶን በ1938 አንድ ሳይሆን ሰባት መሠረታዊ ችሎታዎች አሉ አለ። ሀዋርድ ጋርድነር በ1983 ሙዚቃንና የአካል ቅልጥፍናን ጭምር የማሰብ ችሎታ ብሎ ጠራ፤ ሐሳቡ በመምህራን ዘንድ እጅግ ተወደደ፣ በሙከራ የተገኘለት ድጋፍ ግን ቀጭን ነው። ሮበርት ስተርንበርግ ደግሞ በ1985 የትንተና፣ የፈጠራና የተግባር ችሎታን ለየ። ከእነዚህ ክርክሮች ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ፈተናውን ከተወለደበት አገር ውጭ ወስደው የሞከሩት ሰዎች ያዩት ነገር ነው።

አሌክሳንደር ሉሪያ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኡዝቤኪስታን ለገበሬዎች የመዶሻ፣ የመጋዝ፣ የመጥረቢያና የግንድ ሥዕል አሳይቶ የማይዛመደውን እንዲያወጡ ጠየቃቸው። የሚጠብቀው ግንዱን ነበር፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ናቸውና። ፊደል ያልቆጠሩት ገበሬዎች ግን ግንድ ከሌለ መጋዙ ምን ሊሠራ ነው እያሉ አንዱንም አላወጡም። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ምርጊድና በሬ ቢሰጠው ከመካከላቸው አንዱን ነጥሎ አውጣ የሚለው ጥያቄ የጎጃም ገበሬንም ሳያስገርመው አይቀርም። በላይቤሪያ ከክፔሌ ሕዝብ ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ገጠማቸው። ሰዎቹ ዕቃዎችን በዓይነታቸው ሳይሆን በአገልግሎታቸው አጣመሩ፤ ቢላዋን ከብርቱካን ጋር፣ ይቆርጠዋልና። ብልህ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ይሉ ነበር። ተመራማሪው ሲቸግረው “ሞኝ ቢሆን እንዴት ይለያቸው ነበር?” ብሎ ጠየቀ። ወዲያው መሣሪያውን ከመሣሪያ፣ ምግቡን ከምግብ ለይተው ደረደሩለት፤ ፈተናው ትክክል ብሎ የሚቀበለውም ይህንኑ ድርድር ነበር። ችሎታው ነበራቸው። ያልነበረው በሁለቱ ወገን መካከል ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ስምምነት ነው።

ሮበርት ሰርፔል በ1979 ያወጣው ጥናት ደግሞ የዛምቢያንና የእንግሊዝን ልጆች አንድ ዓይነት ቅርጽ እያሳየ እንዲሠሩ አደረገ። በእርሳስና በወረቀት ሲሆን የእንግሊዝ ልጆች በለጡ። በሽቦ ሲሆን፣ ከሽቦ መኪና እየሠሩ ያደጉት የዛምቢያ ልጆች በለጡ። በሸክላ መሰል ጭቃ ሲሆን እኩል ወጡ። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በ1985 የታተመ ጥናትም አምስት የመንገድ ሻጭ ልጆችን ተከታትሏል፤ በገበያ ላይ ኮኮናት ሲሸጡ ከተጠየቁት ሂሳብ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ፣ ያንኑ ሂሳብ በወረቀት ላይ በቁጥር ሲሰጣቸው ግን የመለሱት 37 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በየከተማው ሎተሪ የሚያዞሩ፣ ማስቲካና ሶፍት የሚሸጡ ልጆች መልስ ሲመልሱ አይሳሳቱም።

ቀላል የሚመስል ትርጉም እንኳ ነጥብ ይቀይራል። ከብዙ አይኪው ፈተናዎች አንዱ ክፍል የተነገሩ ቁጥሮችን በቃል መልሶ መናገር ነው። በ1980 ሁለት ተመራማሪዎች የዌልስ ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች በዚህ ክፍል ዝቅ የሚሉት የቁጥሮቹ ስሞች በቋንቋቸው ለመናገር ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስዱ እንደሆነ አሳዩ። በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት ቁጥሮች ከሰባት በቀር ሁሉም በአንድ ቀለም የሚነገሩ ናቸው። በአማርኛ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ የሚለውን ልብ ይሏል። ጥያቄውን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሶ የውጭውን አገር የነጥብ ሠንጠረዥ መጠቀም ለልጁ ገና ከመነሻው ጎዶሎ መስፈሪያ መስጠት ነው።

ነጥብ ቋሚ ተፈጥሮ አለመሆኑን ከሁሉ ይልቅ ያሳየው ግን ጄምስ ፍሊን ነው። በኒውዚላንድ ይኖር የነበረው ይህ ምሁር በ1980ዎቹ በርካታ አገሮች ያስመዘገቡትን ነጥብ ሰብስቦ ሲያነጻጽር በየአሥር ዓመቱ ሦስት ነጥብ ገደማ ሲጨምር አገኘ። በኔዘርላንድ ለውትድርና የተጠሩ የ18 ዓመት ወጣቶች በ1952 እና በ1982 መካከል 20 ነጥብ ጨምረዋል። በኬንያ ገጠር በኤምቡ በ1984 እና በ1998 የተፈተኑ ልጆች ደግሞ በ14 ዓመት ውስጥ 26 ነጥብ ገደማ ልዩነት አሳይተዋል። የሰው ዘር በአንድ ትውልድ ዝርያውን አይቀይርም። የሚቀየረው ትምህርት፣ የወላጅ ንባብ፣ ምግብና ጤና ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ለመጥቀስ፣ በእርግዝናና በሕፃንነት የአዮዲን እጥረት የአእምሮን ዕድገት ይጎዳል። እንቅርት ለዘመናት የታወቀ ሕመም በሆነበት በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ጨው በአዮዲን መበልጸጉ የጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትምህርትም ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚህ እጥረት የተጎዳን ልጅ “ሰነፍ” ማለት የጨውን ጉድለት በልጁ ፈቃድ ላይ መጫን ነው።

ሁለተኛው የቃሉ ፊት፣ ተነሣሽነት፣ ለብቻው ሲጠና የቆየው በሌላ የሥነ ልቦና ዘርፍ ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው አመለካከት ሰው ሽልማት ሲያገኝ ይተጋል የሚል ነበር። ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 ባወጣው ሙከራ ተማሪዎችን ደስ የሚል እንቆቅልሽ አስገጠማቸው። ለከፊሎቹ በመሃል በፈቱት ቁጥር አንድ ዶላር ከፈለ፤ በኋላ ክፍያው ሲቆም እነዚህ ተማሪዎች ብቻቸውን በቆዩባቸው ደቂቃዎች እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ በ1973 ሥዕል መሥራት የሚወዱ ሕፃናትን ከፈሏቸው፤ ሽልማት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ ተነግሯቸው የሣሉት ከሁለት ሳምንት በኋላ በነጻ ሰዓታቸው በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ሽልማት ሁልጊዜ ይጎዳል ማለት አይደለም፤ የማይወደድ ሥራን ለማስጀመር ያግዛል። ቀድሞ የተወደደን ነገር ግን ወደ ደመወዝ ሥራ ሊያወርደው ይችላል።

የሙገሳ ቃልም እንደዚሁ ነው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ቀላል ጥያቄ ከመለሱ በኋላ ከፊሎቹ ብልህ በመሆናቸው፣ ከፊሎቹ በመጣራቸው ተመሰገኑ። በብልኅነታቸው የተመሰገኑት ቀጥሎ ቀላሉን ጥያቄ መረጡ፤ ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ከወደቁ በኋላም ውጤታቸው አሽቆለቆለ። ነጥባቸውን ለሌላ ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁ ከእነሱ ከአሥሩ አራት ያህሉ ዋሹ። ብልህ ተብሎ የተሾመ ልጅ ሹመቱን መጠበቅ አለበትና። ይህ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ከልክ በላይ ተራግቧል፤ በ2019 የወጣው ከ12 ሺሕ በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት አእምሮ በልምምድ እንደሚጎለብት የሚያስተምር አጭር ትምህርት የደካማ ተማሪዎችን ውጤት ከፍ እንዳደረገ፣ ጭማሪው ግን ትንሽ እንደሆነ አሳይቷል። በአማርኛ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። መምህሩ “ጎበዝ!” ሲል የትኛውን ማለቱ ነው? አእምሮህ ስለት ነው ማለቱ ነው ወይስ በርትተሃል? ልጁ የሚሰማው ቃሉን ከተከተለው ነገር ይመስላል፤ “ጎበዝ፣ እንዴት አገኘኸው?” እና “ጎበዝ፣ ድሮም እሱ” አንድ አይደሉም።

ሁለቱ ፊቶች የሚገናኙት በፈተናው ወንበር ላይ ነው። የአይኪው ፈተና የሚያስበው ልጁ የሚችለውን ሁሉ እንዳደረገ ነው። በ2011 በአንጀላ ዳክወርዝ የተመራ ቡድን ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ እንዳመለከተው ሽልማት ሲኖር ነጥብ ይጨምራል፤ በተለይም ዝቅተኛ ነጥብ በነበራቸው ዘንድ። የጭማሪው መጠን ተጋንኗል የሚሉ ተቺዎች ኋላ ቀርበዋል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ፈታኙን የማያውቅ፣ ወይም ለምን እንደሚጠየቅ ያልገባው ልጅ ግን “አላውቅም” ማለት ከሁሉ ይቀለዋል። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ታላቅ ሰው ፊት ዝምታ ጨዋነት ነው፤ በፈተናው ወረቀት ላይ ግን ዜሮ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ ታይቷል። በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺሕ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠር የመጡ ነበሩ። ልጆቹ በእስራኤል ትምህርት ቤቶች በተለመደው ፈተና ሲለኩ ነጥባቸው ዝቅ አለ፤ እንዲያ ያለ ነጥብም ልጅን ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል የሚያስኬድ ነበር። በዚያው አገር ግን ሌላ መንገድ ያዘጋጀ ሰው ነበር። ሩቨን ፎየርስታይን በ1921 በሩማኒያ ተወልዶ፣ ከጦርነቱ በኋላ ከናዚ ጭፍጨፋ በተረፉና ከሞሮኮ በመጡ የአይሁድ ልጆች መካከል የሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ልጆቹ በፈተና ሲወድቁ፣ በሕይወት ግን ብልኅነታቸው ሲታይ ተመልክቶ ጥያቄውን ገለበጠው፤ ልጁ ምን ያውቃል ከማለት ይልቅ ሲያስተምሩት ምን ያህል ይማራል ብሎ ጠየቀ። በእሱ ዘዴ ፈታኙ ዝም ብሎ ነጥብ መዝጋቢ አይደለም። መጀመሪያ ይፈትናል፤ ቀጥሎ ጥያቄው የሚፈልገውን አካሄድ ያስተምራል፣ ያበረታታል፣ ልጁ የቸኮለበትን ያሳየዋል፤ ከዚያ እንደገና ይፈትናል። የሚመዘገበው ነገር በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ ነው።

ዴቪድ ቱሪኤልና ሮኒት ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት ይህን መንገድ ከኢትዮጵያ በመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ ሞከሩ። በተለመደው የቅርጽ ፈተና ልጆቹ እዚያው ከተወለዱት እኩዮቻቸው በግልጽ ዝቅ ብለው ነበር። ከአጭር ማስተማር በኋላ ግን ክፍተቱ እጅግ ጠበበ። በአንድ ሳምንት አእምሮ አልተቀየረም። ልጆቹ ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ ዐወቁ፤ የሚጠይቃቸውም ሰው እንዲሳካላቸው እንደሚፈልግ ዐወቁ።

ዛሬ በጥንቃቄ የሚሠሩ ፈታኞች ነጥቡን ብቻውን አይሰጡም። 92 ከማለት ይልቅ ከ87 እስከ 97 ባለው ውስጥ ይገኛል ብለው ይጽፋሉ፤ ያው ልጅ በሌላ ቀን ቢፈተን ጥቂት ከፍና ዝቅ ማለቱ አይቀርምና። ከቁጥሩ አጠገብም ማስታወሻ ይይዛሉ፦ ልጁ በየትኛው ቋንቋ ተጠየቀ፣ ቁርስ በልቶ ነበር ወይ፣ መነጽር ያስፈልገው ነበር ወይ፣ ጥያቄው ሲከብደው ምን አደረገ፣ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ አንዴ ልሞክረው ብሎ ጠይቆ ነበር ወይ።